እሳቱን ከመኝታ ቤት ወደ ጓሮ

ባለፈው ኅዳር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ነቅንቃ ቀሰቀሰችኝ። «ተነሥ፣ እማማ ወደቁ መሰለኝ!» እየሮጥን የእናቴን ክፍል ስንከፍት አልጋዋ ሥር ተቀምጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛለች። ልታነጋግረን ብትሞክርም ቃላቱ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ከበሩ ሥር ብርድ እንዳይገባ አሮጌ ነጠላ ተወትፏል። ጥግ ላይ ቡና የምናፈላበት የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል፤ ፍሙ ቀልቷል፣ ጭስ የሚባል ነገር ግን የለውም።

ደግፈን ወደ በረንዳ አወጣናት፣ በርና መስኮቱን በሙሉ ከፈትን፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ኦክስጅን ተደርጎላት ረፋድ ላይ በእግሯ እየተራመደች ቤት ገባች። እኔ ግን ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚህ ጽሑፍ ጓሯችሁ ውስጥ በትንሽ ወጪ እንዴት የእሳት ምድጃ እንደምትሠሩ ነው የማጫውታችሁ፤ ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ማንደጃ ስለሆነ እሱን ዘልዬ ስለ ድንጋይና ጠጠር ማውራት አልቻልኩም።

ብዙዎቻችን «ከሰሉ በደንብ ከቀላና ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ገዳዩ ጭሱ አይደለም። የተቀጣጠለ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞረው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱን እንኳ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። እናቴን ያተረፋት ለሽንት መነሣቷ ነው።

ስለ እናቴ ትንሽ ልንገራችሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ «ብቻሽን አትሆኚም» ብለን አያት አካባቢ ወዳለው ቤታችን አመጣናት። መጀመሪያ ያልገባኝም ይሄው ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በአገር የታወቀ ከተማ ውስጥ የኖረች ሴት በአዲስ አበባ ብርድ እንዴት ትሸነፋለች?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ደንበኛ ምን ይፈልጋል ስል ነው የምውለው። እናቴ በርዷታል፣ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛሁላት። ሁለት ቀን አበራችው። በሦስተኛው ቀን ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ማሞቂያው በዳንቴል ተሸፍኖ አገኘሁት። «ቆጣሪው ይበላል ብዬ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ እውነተኛውን ተናገረች። «ልጄ፣ ብርዱማ እኛ አገር ይብሳል። እዚህ ቤት ግን ሁላችሁም በየክፍላችሁ ናችሁ። እሳት ቢኖር እኮ ሰው ይሰበሰባል።»

የገበያ ጥናት ብትሉኝ ከዚህ በላይ አላውቅም። እሷ የጠየቀችው ሙቀት ሳይሆን ምድጃ ነበር። ከሰሉንም ወደ ክፍሏ ያስገባችው ሌላ ማስቀመጫ ቦታ ስላልሰጠናት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ

ዝግጁ ሆኖ ከውጭ የመጣ የጓሮ ምድጃ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ አይቼ ዋጋ ጠየቅሁ። የምንከፍለው የወር ኪራይ አይደርስበትም፤ አመስግኜ ወጣሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ሥር የተረፈ ብሎኬት ሰብስቤ በክብ ደረደርኩት፣ መሐሉ ላይ ማገዶ ከመርኩ፣ ለኮስኩት። ፎቶም አነሣሁ። ፎቶው ያምር ነበር።

አርባ ደቂቃ ያህል እንደነደደ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። አንዱ ብሎኬት ተሰንጥቆ ፍንጣሪው የልጄ ጫማ አጠገብ ወደቀ። ሴት ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ገና 4። ሁለቱም ከእሳቱ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። እሳቱን በውኃ አጠፋሁትና ለሁለት ሳምንት ነገሩን ተውኩት።

በኋላ የገባኝ ይህ ነው። ብሎኬት ለቤት ግድግዳ እንጂ ለእሳት የተሠራ አይደለም። ውስጡ የቀረው እርጥበት ሲግል እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ብሎኬቱን ይሰነጥቀዋል። ሲሚንቶውም በተደጋጋሚ ከፍተኛ ሙቀት ይላላል። ከወንዝ የመጣ ለስላሳ ድንጋይም ያው ነው። ለዓይን ያምራል፣ ግን ውኃ ጠጥቶ የኖረ ስለሆነ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። እሳቱን በቀጥታ መንካት ያለበት ብረት ወይም በደንብ የደረቀ የሸክላ ጡብ ነው። ድንጋይ ለውጭው ዙሪያ ይሁን፣ እሱም የደረቀ።

ብረቱን ከጎሚስታ

አሁን የምነግራችሁ ዛሬም እየሠራ ያለውን ምድጃ ነው። ዋናው ዕቃ የጭነት መኪና አሮጌ ቸርኬ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ብትፈልጉ አታጡም፤ እኔ ግን ሠፈራችን ካለ ጎሚስታ 1,800 ብር ገዛሁት። ቸርኬው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ለቤተሰብ ይበቃል። ስትገዙ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ማግኔቱ ካልያዘው አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል ተዉት፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ የማገዶ እሳት ደግሞ መሐሉ ላይ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ጋልቫናይዝድ የሆነ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ ብረትም አይሆንም፤ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ይመርዛል። በርሜል ቆርጠን እንሥራ የምትሉ ደግሞ፣ እባካችሁ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ሳታውቁ አታስቆርጡ። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ባዶ ሆኖም ውስጡ የቀረው ተን የፍላክስ ፍንጣሪ ሲነካው ይፈነዳል።

ቦታ መምረጡ ከሥራው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ጓሯችን ሰፊ ይመስላል፣ ግን አንዱ ጥግ የሴፕቲክ ታንክ ክዳን አለ፣ ሌላው ጥግ ሮቶ ቆሟል፣ ከላይ ደግሞ ከፖሉ ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ገመድ ያልፋል። ሴፕቲክ ታንክ የሚነድ ጋዝ ያወጣል፤ ከሱ በላይም ሆነ አጠገቡ እሳት አይሆንም። ከቤቱ ግድግዳ፣ ከአጥር፣ ከዛፍ ቅርንጫፍና ከቡታጋዝ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ፤ የበለጠ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ንፋሱ በየት በኩል እንደሚነፍስ ያወቅሁት በእናቴ ዘዴ ነው። ሦስት ምሽት ተራ በተራ እጣኗን ጓሮ አውጥታ አጨሰች፣ እኛም ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ አየን። ወደ ጎረቤት የልብስ ማስጫ ይሄድ ስለነበር ያሰብኩትን ቦታ 2 ሜትር ያህል ወደ መሐል አመጣሁት።

መሬት ላይ ችካል ተክዬ 60 ሳንቲ ሜትር ገመድ አሰርኩና ዙሪያውን በአመድ አሰመርኩ። ይሄ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ክብ ይሰጣችኋል። ውስጡን 20 ሳንቲ ሜትር ቆፈርኩ። የኛ አካባቢ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ምድጃውን በቀጥታ አፈሩ ላይ ብታስቀምጡት በመጀመሪያው ክረምት ይጣመማል። አራት ማዳበሪያ ጠጠር በ600 ብር አስመጥቼ፣ ትልልቁን ከታች፣ ደቃቁን ከላይ አድርጌ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞላሁና ረገጥኩት። ልጆቹ በዚህ ሥራ በጣም ጠቃሚ ነበሩ፤ ዝለሉበት ሲባሉ ማን ይከለክላቸዋል።

ጠጠሩ ላይ ቸርኬውን፣ ቀዳዳ ያለው ፊቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩ። ቀዳዳዎቹ ዝናብ ያወጣሉ፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ አየር ያስገባሉ። በውኃ ልክ አስተካክዬ ዙሪያውን ከቤቱ መሠረት የተረፈውን ጥቁር ድንጋይ በሁለት ረድፍ ደረደርኩ። በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል የአራት ጣት ያህል ክፍተት ትቼ በደቃቅ ጠጠር ሞላሁት። ይህ ክፍተት እንዳይቀርባችሁ፤ ድንጋዩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ እንዳይግል የሚያደርገው እሱ ነው። ሲሚንቶ የሚባል አልገባበትም። የምንኖረው በኪራይ ቤት ስለሆነ ለአከራያችን ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስንለቅም ድንጋዩን አንሥተን ቸርኬውን ጭነን እንሄዳለን።

መጨረሻ ላይ ሠፈር ያለ በያጅ ፍንጣሪ የሚከላከል የሽቦ ክዳን በ600 ብር ሠራልኝ። 1,800፣ 600 እና 600፤ በጠቅላላው 3,000 ብር። ድንጋዩ በነፃ፣ ጉልበቱ የራሴ። ወገቤን ለሦስት ቀን እንዳመመኝ ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁም።

የመጀመሪያውን እሳት ማንም ሳይቀመጥበት አንድዱት። በቸርኬው ላይ ያለው አሮጌ ቀለም ተቃጥሎ እስኪያልቅ ድረስ የሚወጣው ጭስ ለጤና አይሆንም። እኛ ልጆቹን ቤት አስገብተን ሁለት ሰዓት ያህል አነደድነው። ለጎረቤት መናገር ረስቼ ስለነበር አጠገባችን ያሉት ጋሼ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው በራችንን ደበደቡ። ይቅርታ ጠይቄ አስገባኋቸው፤ ባልዲው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እሳት በነደደ ቁጥር አጠገቡ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል፣ ስሙም «የጋሼ ባልዲ» ነው።

ስለ ማገዶው እናቴን ጠይቁ

ከዚህ በኋላ ያለውን ዕውቀት ከእኔ አትጠብቁ። አዲስ አበባ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ውለታ ያለባት ከተማ ናት፤ በቀላሉ የምታገኙትም ማገዶ እሱ ነው። ነገር ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ አለው። ቅባት ስላለውም እየፈነጠረ ይነዳል። እናቴ ፍልጡን ሁለቱን አጋጭታ ድምፁን ትሰማለች። «ቋ» ካለ ደርቋል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ነጋዴውን «ይሄንን ለራስህ» ትለዋለች። በቤታችሁ ልታደርቁት ካሰባችሁ ፈልጣችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከላይ ብቻ ሸፍናችሁ ቢያንስ አንድ በጋ ይቆይ።

እሷ እንደኔ ከምራ አትለኩስም። ከሥር ጭራሮ፣ በላዩ ቀጫጭን ፍልጥ፣ ከነደደ በኋላ አንድ ወፍራም ግንድ፤ ሌላውን የምትጨምረው ያኛው ወደ ፍም ሲቀየር ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ እኔ የምፈጀውን ግማሽ እንኳ አትፈጅም። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፕውድ፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እሳቷ ውስጥ አይገባም። አንድ ቀን የብስኩት መጠቅለያ ጣልኩና «እሳት ቆሻሻ መጣያ ነው እንዴ?» ተባልኩ፣ በልጆቼ ፊት።

ልጆች ካሏችሁ ሕጉን ከእሳቱ በፊት አውጡ። እኛ ከድንጋዩ አንድ ሜትር ወጣ ብለን በኖራ ክብ አስምረናል፤ ከዚያ መስመር ወዲህ የሚሻገር ልጅ የለም፣ ከመስመሩ ውጭም ሩጫ የለም። ለአዋቂዎችም ሕግ አለን። ነጠላ ያጣፋ ሰው ጫፉን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ ጥለቱ ተንጠልጥሎ ስንት ሰው እንዳቃጠለ እናቴ ትነግራችኋለች። ማገዶው ላይ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ማርከፍከፍ ፈጽሞ የለም። ድንገት ቃጠሎ ከደረሰ ደግሞ ኮልጌት፣ ሊጥ፣ ቅቤ የሚባሉትን ተዉና የተቃጠለውን ቦታ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ለ20 ደቂቃ አቆዩት፣ በረዶም አታድርጉ። ቃጠሎው ሰፋ ካለ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ ወደ ሕክምና።

ማታ ስትገቡ እሳቱ «ጠፍቷል» ብላችሁ አትመኑ። ድሮ በገጠር ክብሪት እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ማታ ፍሙን አመድ አልብሰው ያሳድሩት ነበር፣ ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ረመጡ ሕያው ነው። የጠፋበት ቤት ደግሞ ከጎረቤት እሳት ይጭራል። እናቴ ሕፃን ሆና በሸክላ ስባሪ እሳት ይዛ ከቤት ቤት ትላክ እንደነበር የሰማሁት በዚሁ ምድጃ ዙሪያ ነው፤ በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያ ጥበብ ለነሱ ጠቀመ፣ ለእኛ ግን አደጋ ነው። ውኃ አርከፍክፉበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አርከፍክፉበት፤ እጃችሁን ከላይ ስታንዣብቡ ሙቀት እስካልተሰማችሁ ድረስ አትተዉት። አመዱን ሙሉ ቀን ሳይቆይ አትዝቁት፣ ስትዝቁትም በብረት ዕቃ እንጂ በፕላስቲክ ባልዲ አይሁን። ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ለጽጌረዳ ብትሰጡት አትጸጸቱም።

ምግብ? እንዴታ። ድንች በረመጥ፣ ወቅቱ ሲሆን የበቆሎ እሸት፣ ከጾም ውጭ ደግሞ ጥብስ። ብቻ የአሮጌ ፍሪጅ ሽቦ መደርደሪያ ለመጥበሻነት እንዳትጠቀሙ፤ የተለበጠበት ነገር ሲግል ምግቡን ሊመርዝ ይችላል። በያጁ ያልተቀባ ብረት ይሥራላችሁ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አንባቢዎች «እኛስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። በረንዳ ላይ አይሆንም፣ በምንም ዓይነት። ግቢያችሁ ሰፊ ከሆነ ግን የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅዳችሁ ለቸርኬው ሦስት እግር ማስበየድ ትችላላችሁ፤ ለቡሄ ወይም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አውጥታችሁ፣ ሲያልቅ መልሳችሁ መጋዘን ማስገባት ነው።

ክረምት ሲገባ ምድጃውን በቆርቆሮ ሸፍነነው ነበር። መስከረም ላይ ስገልጠው ድንጋዮቹ እንዳሉ ነበሩ፣ ቸርኬው ዛገ እንጂ አልተነካም። እናቴ ለዘመድ ተዝካር ደብረ ብርሃን ሄዳ ስትመለስ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተቀበልኳት፤ ከሻንጣዋ ሌላ በማዳበሪያ የታሰረ ነገር አለ። ከፍቼ ባየው ኩበት ነው። «ያንተ ባሕር ዛፍ ይፈነጥራል» አለችኝ። ሽታው መኪናው ውስጥ ሳምንት ቆየ።

ማንደጃው አሁንም አለን፤ ለቡና ብቻ፣ በሩ ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ። ማታ ክፍሏን አልፌ ስሄድ ዛሬም ጥጉን ሳላይ አላልፍም።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ አምሽቼ ስገባ መብራት ጠፍቷል፣ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። በጓሮ በኩል ዞርኩ። ባለቤቴ፣ ልጆቹ፣ ጋሼ፣ ሁሉም ምድጃውን ከበው እናቴ ታወራለች። በርጩማ ፈለግሁ፣ አልቀረም። እናቴ ወሬዋን ሳታቋርጥ በአገጯ አመለከተችኝ፤ «ድንጋዩ ላይ ተቀመጥ፣ ሞቋል።»